«ገደሉኝ፣ ዘረፉኝ፣ ሰደቡኝ»፦ ስለ ፒቪፒ የጠየቃችሁኝ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ፒቪፒ ናቸው፤ በኦንላይን ጌም ውስጥ ተጫዋች ከተጫዋች ጋር ስለሚገጥመው ፍልሚያ ማለት ነው። የተናደደ አለ፣ የተጨነቀች እናት አለች፣ ከአክስቱ ልጅ ጋር የተኳረፈም አለ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስማችሁንም እንደተለመደው አላወጣሁም። የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር፤ መልሶቼ ሁሉ የሚነሱት ከዚያ ነውና። በጌም ውስጥ መግደል ነውር አይደለም። ነውር የሚሆነው አንድም ሰውየው ሳያውቅና ሳይወድ ፍልሚያ ውስጥ ሲከተት፣ አንድም ከወደቀ በኋላ ምቱ ሲቀጥል ነው።

ጥያቄ፦ አልቢዮን ኦንላይንን የምጫወተው በስልኬ ነው። ያለኝን ምርጥ ልብስና መሣሪያ ለብሼ ቀይ ዞን ገባሁ። ማዕድን ስቆፍር አምስት ሆነው ከበቡኝ። ፈረሴ ላይ ለመውጣት እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም። የለበስኩትንም የቆፈርኩትንም ወሰዱ፤ የሁለት ወር ልፋቴ ነው። ሲጨርሱ ደግሞ በቻት ስለ እናቴ የማይጻፍ ነገር ጻፉልኝ። አምስት ለአንድ ፍትሕ ነው? ጓደኞቼ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያሉ ያሾፉብኛል። ሪፖርት ላድርጋቸው ወይስ ልተወው? — ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ውስጥ ሦስት ነገር አንድ ላይ ተቋጥሯል፤ ልፍታው። መገደልህ፣ የገዳዮችህ መብዛት እና መሰደብህ አንድ ዓይነት አይደሉም።

ከመገደልህ ልጀምር። አልቢዮን ዓለሙን በቀለም ከፍሎታል። በሰማያዊ ዞን ማንም ሊነካህ አይችልም። በቢጫው ሊጥሉህ ይችላሉ፤ ግን ትነሳለህ፣ የለበስከውም አይወሰድም። በቀይና በጥቁር ዞን የሞተ ሰው የያዘውን ይጥላል፤ ገዳዩም ያነሳዋል። ይህን ማንም አልደበቀህም። ወደ ቀይ ዞን ልትሻገር ስትል ማስጠንቀቂያው ስክሪንህ ላይ ይመጣል፤ አንተም አይተኸው ነው የገባኸው። የቀይ ዞን ማዕድን ደህና ዋጋ የሚያወጣውም ለዚሁ ነው፤ አደጋ ባይኖረው ሁሉም እዚያው ይሰፍርና ዋጋው ይወድቅ ነበር። ስለዚህ መገደልህንና መዘረፍህን ግፍ ልለው አልችልም። ንዴትህ ይገባኛል፤ የሁለት ወር ልፋት ቀላል አይደለም።

የቁጥሩም ነገር እንዲሁ ነው። በሜዳ ላይ ፒቪፒ እኩል ቁጥር ይኖራል ብሎ ማንም ቃል አልገባልህም። ብዛት በራሱ ግፍ ከሆነ በኮሪያው ሊኒጅ 2 የሆነውን ምን ልንለው ነው? እ.ኤ.አ. በ2004 ባርትዝ በተባለው ሰርቨር (ራሱን የቻለ አንድ የጌሙ ዓለም)፣ ዲኬ በሚል አጭር ስም የሚታወቅ ኃያል ጊልድ፣ ማለትም የተጫዋቾች ማኅበር፣ ጥሩ ጥሩውን የአደን ቦታ ለራሱ አጠረ፤ ግብሩንም ከፍ አደረገ። ሌቨላቸው ዝቅ ያለ፣ ደህና ትጥቅ እንኳ የሌላቸው ተጫዋቾች ከሌሎች ሰርቨሮች ጭምር እየመጡ፣ ባርትዝ ላይ አዲስ ካራክተር እየከፈቱ ተሰለፉ። ከልብሳቸው ርካሽነት የተነሳ የውስጥ ልብስ ጦር ተባሉ። አንድ ለአንድ ቢሆን ኖሮ አንዳቸውም ደቂቃ አይቆሙም ነበር፤ ተጠራርተው ግን እነዚያን ኃያላን አንበረከኩ። ኮሪያውያን የባርትዝ የነፃነት ጦርነት ብለው እስከ ዛሬ ያወሩለታል። ደካማ ጉልበተኛን የሚጥለው ተባብሮ ነው፤ መተባበርን ለእነሱ ፈቅደን አንተን የከበቡህን አምስቱን ልንከለክላቸው አንችልም። እኩል ፍልሚያ ካማረህ ጌሙ ራሱ ቦታ አዘጋጅቶለታል፤ ኮረፕትድ ደንጅን ግባ፣ አንድ ለአንድ ነው። ጓደኛ ካለህ ሄልጌት አለ፣ ሁለት ለሁለት።

ስድቡ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ላይ አልደራደርም። ቻቱን ስክሪንሾት አንሳና ሪፖርት አድርግ። ፍልሚያው ያለቀው አንተ ስትወድቅ ነው። ከዚያ በኋላ የተጻፈው ከጌሙ ሕግ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ የተጻፈውም ለካራክተርህ ሳይሆን ለአንተ፣ ለአንድ እናት ልጅ ነው። ጓደኞችህ የጠቀሱልህን ተረት እኔም እወደዋለሁ፤ ግን እስከ መጨረሻው አላሰቡትም። የገና ሜዳ ላይ የቆመ ሁሉ ዱላ ይዞ ነው የቆመው፤ ለመምታትም ለመመታትም ወስኖ ገብቷል፤ ለዚህ ነው ጌታውም የማይቆጣው። በሜዳው ዳር የሚያልፍ መንገደኛ አይመታም፤ ሩሯ ስትገባና ጨዋታው ሲያበቃም ዱላው ይቀመጣል። ጓደኞችህ የያዙት መሐሉን ብቻ ነው።

ለወደፊቱ፣ ቀይ ዞን ስትገባ ቢወሰድብህ የማያስለቅስህን ልብስ ልበስ። የቆፈርከውን ሳታበዛ ወደ ባንክ ተመለስ። በእኛ ጊልድ ደሴት ላይ አንድ ሣጥን አለ፤ የገደልነው ሰው አዲስ ገቢ መሆኑን ከፌሙ (በጌሙ ካጠራቀመው የልምድ ነጥብ) ካየን ዕቃው እዚያ ይገባል፣ መልእክት ይጻፍለታል፣ ከተማ መጥቶ ይረከባል። ይህን የሚያስገድደን የጌሙ ደንብ የለም። ሣጥኑ ከተቀመጠ ወዲህ ግን ዕቃቸውን ሊረከቡ መጥተው በዚያው አባል የሆኑ ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከአንድ ልጅ ጋር በውርርድ ዱኤል (የአንድ ለአንድ ግጥሚያ) ገጠምን። መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እኔም ጨረስኩት። በኋላ «መብራት ጠፍቶብኝ ነው» አለኝ። የተሸነፈ ሁሉ መብራት ጠፋ ነው የሚለው። ያሸነፍኩትን ሲልቨር (የጌሙን ገንዘብ) መመለስ አለብኝ? — ከአዳማ

መልስ፦ መልስለትና ድገሙት።

ክፍት ሜዳ ላይ ቆሞ ያገኘኸውን ጠላት መብራት ይጥፋበት፣ ስልክ ያንሳ፣ በር ይክፈት ልታውቅ አትችልም፤ ብትገድለው አልወቅስህም። ሊሸነፉ ሲሉ ኔት የሚያቋርጡ ስላሉ ጌሞቹም ለዚህ ሕግ አላቸው። ለምሳሌ ኢቭ ኦንላይን ውስጥ ሌላ ተጫዋች ላይ የተኮሰ ሰው ከጌሙ ቢወጣ እንኳ መርከቡ ለ15 ደቂቃ ሕዋ ላይ ይቆያል፤ ያገኘ ያጠፋዋል። የመብራት መቆራረጥ ባለበት አገር ለሚጫወት ሰው ይህ ሕግ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ለሁሉም አንድ ነው፣ ቀድሞም የታወቀ ነው።

ዱኤል ግን ቀጠሮ ነው። ሁለታችሁ የመጣችሁት ችሎታችሁን ልትለኩ ነው፤ የጠፋ መብራት ደግሞ የማንንም ችሎታ አይለካም። ዋሽቶህ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም የተሻልክ ከሆንክ በሁለተኛው ዙርም ታሸንፈዋለህ። ከእንግዲህ ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ አንዱ ለአሥር ሰከንድ ያህል ካልተንቀሳቀሰ ሌላው እጁን ይሰብስብ፣ ጨዋታው ይደገም። ሁለተኛ ጊዜ የተቋረጠበት እንደ ተሸነፈ ይቆጠር። እኛ በዚህ ነው የምንሠራው፤ ከዚያ ወዲህ በዱኤል የተጣላብን ሰው የለም።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጅ አለኝ። በሚጫወተው ጌም ውስጥ አዲስ የሚገቡ ልጆችን አድፍጦ እየጠበቀ እንደሚገድል እየሳቀ ነገረኝ። «እማ፣ ኑብ ናቸው እኮ» አለኝ፤ ጀማሪ ማለቱ ነው። የጌሙን ስም እንኳ በቅጡ አላውቀውም። ልጄ እየከፋብኝ ነው? ስልኩን ልቀማው? — እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እናታችን፣ ስልኩን አይቀሙት። መጀመሪያ አጠገቡ ይቀመጡና ሲጫወት ይዩት።

ሌላውን ተጫዋች በማሳደድ የሚደሰት ሰው ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ለዛሬዎቹ የኦንላይን ዓለሞች መነሻ ከሆኑት ጌሞች አንዱ መድ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትሩብሾ ጀመረው፣ ሪቻርድ ባርትልም አብሮት ሠራው። ባርትል በ1996 ባወጣው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት መደባቸው፦ ውጤት የሚያሳድዱ፣ ዓለሙን የሚያስሱ፣ ሰው ፍለጋ የሚገቡ፣ ሌላው ተጫዋች ላይ በመዝመት የሚደሰቱ። አራተኞቹ ሲበዙ ለወዳጅነት የሚገቡት ጥለው እንደሚወጡም አስረድቷል። ልጅዎ ምናልባት ከአራተኞቹ ነው። ያ ብቻውን ጠባዩ ተበላሸ አያሰኝም፤ እኔ ከማውቃቸው በጣም ጨዋ ሰዎች ጥቂት የማይባሉት በጌም ውስጥ ርኅራኄ የማያውቁ ተዋጊዎች ናቸው።

አዲስ ገቢን ማደን ግን እኔም አልወድለትም፤ ምክንያቱን ልንገርዎ። ኡልቲማ ኦንላይን እ.ኤ.አ. በ1997 ሲከፈት ከከተማ ወጣ ያለን ተጫዋች ማንም ገድሎ ሊዘርፈው ይችል ነበር። ዘበኞቹ ያሉት ከተማ ውስጥ ነው። ገና ሰይፍ አያያዝ የማያውቀው ሰው ጫካ ለመድረስ ከበሩ ወጣ ሲል የሚጠብቁት ነበሩ። አዘጋጆቹ የነፍሰ ገዳዮችን ስም በቀይ እየጻፉ፣ ቅጣት እየጨመሩ ሞከሩ፤ አልበቃም። በመጨረሻ በ2000 ዓለሙን በሁለት ከፈሉት። ፌሉካ በተባለው የድሮው ሕግ ቀጠለ፤ ትራሜል በተባለው ደግሞ ያለ ሰውየው ፈቃድ መግደል ተከለከለ። አብዛኛው ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ትራሜል ገባ። ሲያድኑ የነበሩት የሚያድኑት ሰው አጡ። ይህን ለልጅዎ ይንገሩት፤ ለ13 ዓመት ልጅ ስለ ርኅራኄ ከሚሰጥ ምክር ይልቅ «የምትጫወተው ሰው ታጣለህ» የሚለው ቶሎ ይገባዋል።

ሲጫወት አጠገቡ ሆነው ይጠይቁት። ያ የገደልከው ልጅ መሣሪያ ይዞ ነበር? አንተን ሊያሸንፍ የሚችልበት መንገድ ነበረው? ሲነሳ እዚያው ጠብቀህ ደግመህ ገደልከው? እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ተጫዋቾች ካምፕ ማድረግ ይሉታል፤ የሞተው ካራክተር በሚነሳበት ቦታ ላይ ቆሞ ዓይኑን ሲገልጥ መልሶ መጣል ነው። ያኛው ልጅ ስክሪኑ ሲጠቁር ያያል፤ ይነሳል፤ ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ስክሪኑ እንደገና ይጠቁራል። ከሁለተኛው ሞት በኋላ ምንም የሚዘረፍ ነገር የለውም፣ ለገዳዩም ምንም ትርፍ የለም። የቀረው ማሠቃየት ብቻ ነው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው ደግሞ፣ አንዱ ሲጀምር ሌሎች ይጨመራሉ። ልጅዎ ይህን የሚያደርግ ከሆነ ጠንከር ብለው ያስቁሙት፤ ለምን እንደሚያስቆሙትም ይንገሩት።

ሌላ መንገድም ያሳዩት። በብዙ ጌሞች አዲስ ገቢዎችን ከአዳኞች የሚጠብቁ ጊልዶች አሉ፤ በኡልቲማ ዘመንም ነበሩ። ያው የጣት ፍጥነት፣ ያው ማድፈጥ፣ ያው መግደል ነው፤ ግን ተቃራኒው የታጠቀና ሊመልስለት የሚችል ነው። እኔ ያየኋቸው እንደ ልጅዎ ያሉ ልጆች ወደዚያ ሲዞሩ ደስታቸው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ አዲስ ገቢን መግደል ቶሎ ይሰለቻልና።

ጥያቄ፦ በጂቲኤ ሮልፕሌይ ሰርቨር፣ ሁሉም የያዘውን ገጸ ባሕርይ ሆኖ በሚተውንበት፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር እጫወታለሁ። እሱ አዲስ አበባ ነው፤ ፖሊስ ሆኖ ይጫወታል። እኔ የዘራፊዎች አለቃ ነኝ። በቴሌግራም ስናወራ የምንደበቅበትን መጋዘን ነገርኩት። በማግሥቱ ከነጓዶቹ መጥቶ ሁላችንንም ገደለን። «ፖሊስ ነኝ፣ ሥራዬን ሠራሁ» ይላል። ተኳርፈናል። — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ የአክስትህ ልጅ ሜታጌሚንግ ሠርቷል። በሮልፕሌይ ሰርቨሮች ከሚከለከሉት ነገሮች መካከል ዋነኛው ነው፤ ተጫዋቹ ከጌሙ ውጪ የሰማውን ካራክተሩ እንደሚያውቅ አድርጎ መጠቀም። መጋዘኑን የነገርከው ለአክስትህ ልጅ ነው፤ ፖሊሱ አልሰማም። ፖሊሱ መጋዘኑን ማግኘት ከፈለገ ይከታተል፣ ጠቋሚ ይግዛ፣ ከሰዎችህ አንዱን ይዞ ያናግር። ደግሞ ያ ሁሉ ቢደረግ ለእናንተም ደስ የሚል ታሪክ ይወጣው ነበር፤ አሁን ግን የጓዶችህ ሁሉ ምሽት ተበላሽቷል፤ እነሱ ደግሞ የቤተሰብ ወሬያችሁ ውስጥ የሉበትም።

በአንተም በኩል አንድ ነገር አለ። ስትነሳ በቀጥታ ሄደህ ልትበቀለው አስበህ ከሆነ ተው። ብዙዎቹ ሰርቨሮች የሞተ ካራክተር እንዴት እንደሞተና ማን እንደገደለው እንዳያስታውስ ያዛሉ። እሱ ያጠፋውን ያንኑ ጥፋት መድገም ይሆንብሃል። ለሰርቨሩ አስተዳዳሪ ከማመልከትህ በፊት ግን ለአክስትህ ልጅ ደውልለት። በጽሑፍ አይሁን፤ በድምፅ ደውል። ሜታ መሆኑን ላያውቅ ይችላል፤ አዲስ የሚገቡ ሁሉ መጀመሪያ ላይ ይስቱታል። ከእንግዲህ ስለ ጌሙ በቴሌግራም ምን እንደሚወራና ምን እንደማይወራ ተስማሙ።

ጥያቄ፦ አባሎቻችን አዲስ አበባ፣ ዱባይና እዚህ ፍራንክፈርት የምንገኝ የዋርክራፍት ክላሲክ ጊልድ ነን፤ ያለነው ፒቪፒ ሰርቨር ላይ ነው። ከመሥራቾቻችን አንዱ ባለፈው ወር አረፈ። አብዛኞቻችን በአካል አግኝተነው አናውቅም፤ ለቅሶ መድረስ አልቻልንም። በጌሙ ውስጥ፣ እሱ ይወደው በነበረው ቦታ ተሰብስበን ልናስበው አሰብን። አንዳንዶች «ይመጡብናል» ብለው ፈሩ። ምን ትመክሪናለሽ? — ከፍራንክፈርት

መልስ፦ ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ለቅሶ መድረሳችሁ ነው፤ ስክሪን ላይ ስለሆነ አይቀልም።

የፈሩት ግን እውነት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኢሊዳን በተባለው የዋርክራፍት ፒቪፒ ሰርቨር ላይ አንዲት ተጫዋች ሞተች። ጓደኞቿ ዊንተርስፕሪንግ በተባለው በረዷማ ምድር፣ ሐይቅ ዳር ሊያስቧት ቀጠሩ፤ በጌሙ ውስጥ ዓሣ ማጥመድና በረዶ ትወድ ነበርና። ቀኑንም ቦታውንም በአደባባይ አስታወቁ፤ እንዳትመጡብንም ለመኑ። የሟቿን ካራክተር ከፍተው ሐይቁ ዳር አቆሟት፤ ሐዘንተኞቹም ሊሰናበቷት ተሰለፉ። ሴሬኒቲ ናው የተባለው የተቃራኒ ወገን ጊልድ ደርሶ ሁሉንም ጨፈጨፈ፤ ቀርጾም ቪዲዮውን ለቀቀው። በዋርክራፍት የሁለቱ ወገኖች ቻት ለተቃራኒው የማይገባ ቃል ሆኖ ስለሚታይ፣ ሐዘንተኞቹ እዚያው ላይ «ተዉን» ቢሉ እንኳ አይሰማላቸውም ነበር።

ይህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ፒቪፒ ሰርቨር ነው፣ ዊንተርስፕሪንግም ለሁለቱም ወገን ክፍት ነው፣ ቀኑንም ያወጁት ራሳቸው ናቸው፤ ምን ሕግ ተጣሰ? የሚሉ አሉ። ሕግ አልተጣሰም፤ ልክ ናቸው። ሰርቨሩን የመረጡትም ሐዘንተኞቹ ናቸው፤ በሌላ ቀን እዚያው ሐይቅ ዳር ቢገደሉ አንድም ቃል አልናገርም ነበር። ያን ዕለት ግን የመጡት ሊዋጉ አይደለም። አጥቂዎቹ ይህን ያውቁ ነበር፤ የመረጡትም ስለሚያውቁ ነው። ሰው ለቅሶ ላይ መሆኑን እያወቁ መምታት በጌምም ውጪም ስሙ ያው ነው፤ ነውር ነው። የጌም ሕግ ሁሉን ሊያስብ አይችልም፤ እሱ ያላሰበውን የምናስበው እኛ ነን።

ወደ እናንተ ልመለስ። ቀኑንና ቦታውን በአደባባይ አትለጥፉ፤ ለአባላት በግል ንገሩ። እሱ የሚወደው ቦታ ክፍት ሜዳ ከሆነ ዋናውን ሥነ ሥርዓት እዚያ አታድርጉት። ሬይድ ግሩፕ ሠርታችሁ ሬይድ ውስጥ፣ ማለትም ለአንድ ቡድን ብቻ በሚከፈተው የጌሙ ክፍል ውስጥ፣ ግቡ፤ ከመግቢያው አልፋችሁ የመጀመሪያዎቹ ጭራቆች ጋ ሳትደርሱ ያለው ቦታ ይበቃችኋል። እስከ አርባ ሰው ይገባል፤ ከግሩፓችሁ ውጪ ማንም ተከትሎ ሊገባባችሁ አይችልም። ከዚያ በኋላ ጥቂቶች ሄዳችሁ እሱ ይወደው የነበረውን ቦታ ጎብኙ። ከተቃራኒ ወገን ጊልዶች መሪዎች ጋር የምትተዋወቁ ከሆነ ደግሞ በዲስኮርድ ለየብቻ አናግሯቸው። ብዙ ሰው ሲጠየቅ እሺ ይላል፤ ራሳቸው መጥተው ዙሪያውን ሲጠብቁ ያየኋቸው አሉ። አባሎቻችሁ በሦስት አገር ስለሆናችሁ ሰዓቱን በአዲስ አበባ ሰዓት ጻፉና የዱባይና የፍራንክፈርቱን አጠገቡ አስቀምጡ። ቤተሰቦቹን የምታገኙበት መንገድ ካለ፣ ጊልዱ ውስጥ ለናንተ ምን እንደነበር ጻፉላቸው። ልጃቸው ሌሊቱን ስክሪን ላይ አፍጥጦ ሲያመሽ ከማን ጋር እንደነበር ላያውቁ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ጊልዳችንን ገብቶ የሰለለ፣ ባንካችንን አራግፎ የወጣ ልጅ አለ። ከጓደኞቼ አንዱ የፌስቡክ ገጹን አገኘ። ፎቶውንና የሚማርበትን ትምህርት ቤት «ሌባ» ብለን በቴሌግራም ግሩፓችን ለጠፍን። ግሩፑ ብዙ ሰው አለው። አሁን «አውርዱልኝ» እያለ ይለምናል። አይገባውም? — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አይገባውም። አውርዱት።

በጌም ውስጥ መሰለልና መክዳት፣ ጌሙ እስከፈቀደው ድረስ፣ የጨዋታው አካል ነው። የአይስላንዱ ሲሲፒ የሚያዘጋጀው ኢቭ ኦንላይን በዚህ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ጋይዲንግ ሃንድ ሶሻል ክለብ የተባለ ቡድን ለወራት ሰዎቹን በአንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ አሰርጎ፣ በአንድ ቀን ንብረቱን አራቁቶ መሪዋን ገድሏል። ኩባንያው አልቀጣቸውም። በ2014 ግን ሌላ ነገር ተፈጠረ። አንድን ተጫዋች በጌሙ ውስጥ ካታለሉ በኋላ፣ ንብረቱን እንመልስልሃለን እያሉ በድምፅ መስመር ላይ አቆይተው ሲያላግጡበት የተቀዳው ወጣ። ማታለሉ የተፈቀደ ነው፤ ማዋከቡ ግን ሰውየው ላይ ነበር። ኩባንያው እውነተኛ ሰውን ማዋከብ ደንብ መጣስ መሆኑን ገለጸ፤ የጉዳዩ ዋና ሰውም ታገደ። ስርቆትንና ክህደትን የሚፈቅድ ጌም እንኳ መስመሩን ያሰመረው እዚያ ላይ ነው።

እናንተ የተዘረፋችሁት ሲልቨርና ዕቃ ነው፤ ሠርታችሁ ታገኙታላችሁ። የለጠፋችሁት ግን የአንድ ልጅ ፊትና ትምህርት ቤት ነው። ማን አይቶት ነገ በር ላይ እንደሚጠብቀው አታውቁም። በአገራችንም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር አማካይነት ሰውን ማስፈራራትና ስም ማጥፋት በወንጀል ያስቀጣል፤ «ጌም ነው» ብላችሁ የምታመልጡት ጉዳይ አይደለም።

ፎቶውን ዛሬውኑ አጥፉት፤ ወደ ሌላ ግሩፕ የላከ ካለም ያስጠፋ። የለጠፋችሁት በግሩፑ ፊት ስለሆነ ይቅርታውንም እዚያው ግሩፕ ላይ ጻፉ፤ ስሙን ሳትጠሩ። ከዚያ የጊልድ ባንካችሁን ፈቃድ አስተካክሉ፤ አዲስ የገባ አባል ሁሉን አራግፎ እንዲወጣ ያስቻለው እሱ ነው። በጌሙ ውስጥ ካገኛችሁት ደግሞ፣ ቀይ ዞን ላይ ከሆነ፣ ግደሉት።